ሁለት ግማሽ ፍጻሜ በአንድ ምሽት

የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር የሚወድ ሰው አመሉ አንድ ነው። ጠያቂው ጥያቄውን ሳይጨርስ እሱ ከሶፋው ላይ ሆኖ መልሱን ይናገራል። ተወዳዳሪው ሲሳሳት «ይሄ እንዴት ይጠፋዋል!» ብሎ ራሱን ይይዛል። ማንም አይሰማውም፣ ሽልማትም የለውም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን በዚያው ሰዓት እዚያው ሶፋ ላይ ታገኙታላችሁ። እስቲ እኛ የኳስ ተመልካቾች ከዚህ ሰው በምን እንለያለን? በምንም! አሰልጣኙ ማንን መቀየር እንዳለበት፣ ኳሷ ለማን መሰጠት እንደነበረባት፣ ሁሉንም ከወንበር ላይ ሆነን እንመልሳለን።

እንግሊዞች ሁለቱን አመሎች አጋብተው ፕሮግራም ሠርተውላቸዋል። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1970 የጀመረው «ኤ ኩዌስሽን ኦፍ ስፖርት» የተሰኘው የስፖርት ጥያቄና መልስ ከ50 ዓመት በላይ ታይቷል። ባሕር ዳር ላይ እኛ ግን የቴሌቪዥን ጣቢያ አላስፈለገንም። አንድ ዲኤስቲቪ ቤት፣ አንድ ደብተርና አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በቂያችን ነበሩ።

ዛሬ ለአንባብያን የማጫውታችሁ ስለ አንድ ምሽት ነው። ሚያዝያ 29 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ። ዳግማ ትንሣኤ ካለፈ ሁለት ቀኑ፣ ረመዳንም ገና መግባቱ ነው። ዓለም በሙሉ የሚያስታውሰው አንድ ግማሽ ፍጻሜ ነበር፤ እኛ ቤት ግን ሁለት ነበሩ።

ደብተሩ

ቤቱ ከጣና ዳር ብዙም አይርቅም። ፊት ለፊት የጣውላ አግዳሚዎች፣ ከኋላ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር የሚታይ ትልቅ ምስል። መብራት ቢሄድ ተብሎ ጄኔሬተሩ በር ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። መግቢያ 10 ብር፣ ሻይ ለብቻው። ባለቤቷን ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። እትዬ ኳስ አያዩም፤ ማን ሳይከፍል እንደገባ ግን ከመስመር ዳኛ በላይ ያያሉ።

ልጃቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በዚያ ዓመት ሻምፒዮንስ ሊጉ ወደ ጥሎ ማለፍ ሲገባ እሱም የራሱን ጥሎ ማለፍ አወጣ። ስምንት ተወዳዳሪ፣ ለእያንዳንዱ አምስት አምስት ጥያቄ፣ እኩል ከወጡ አንድ መለያ ጥያቄ። ጥያቄዎቹ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ባለው ሰዓት ከደብተር ላይ ይነበባሉ። ያሸነፈ ሰው የዋንጫውን ቀን ከፊት አግዳሚ ላይ በነፃ ይቀመጣል፣ የሚቀጥለውንም ዓመት ሙሉ መግቢያ አይከፍልም። ቀላል አይደለም! በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚመጣ ሰው አስሉት።

አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረች። ተመልካች ከመቀመጫው መልስ ከተናገረ ጥያቄው ይሰረዛል፣ ተናጋሪውም ለሁለቱም ተወዳዳሪዎች ሻይ ይገዛል። ሕጓ የወጣችው በዚህ ጸሐፊ ምክንያት ነው እየተባለ ይወራል። አላስተባብልም።

ያን ምሽት ለግማሽ ፍጻሜ የቀረቡት አንደኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ባርሳን ይወዳሉ፣ ግን አይጮሁም። ሁለተኛው ባጃጅ ነጂ ነው፤ የሊቨርፑል ደጋፊ፣ ያውም የለየለት። ባጃጁ የኋላ መስታወት ላይ የቀዮቹ አርማ ተለጥፏል። ከስድስት ቀን በፊት ሊቨርፑል ካምፕ ኑ ላይ 3 ለ 0 ሲሸነፍ ሦስት ቀን ሙሉ ከሰው ጋር አልተነጋገረም። ሱዋሬዝ የቀድሞ ክለቡ ላይ አስቆጠረ፣ ሜሲ ሁለት ደገመ፤ ከሁለቱ አንዷ ያቺ የቅጣት ምት ለባርሴሎና ያስቆጠራት 600ኛ ጎሉ ነበረች። በዚያ ላይ ለመልሱ ጨዋታ ሳላህም ፊርሚኖም በጉዳት የሉም። ሰው ሁሉ የመጣው ሜሲን ለማየት እንጂ ውጤት ለመጠበቅ አልነበረም።

ጥያቄው ተጀመረ። የመጀመሪያው ቀላል ነበር፤ የጣና ሞገዶቹ በፕሪምየር ሊጉ መጫወት የጀመሩበት ዓመት። 2011! ቤቱ ሳቀ፣ ምክንያቱም ዓመቱ ያው ያለንበት ነበር። ለባጃጁ ልጅ ቀጥሎ የመጣው ከበድ ይላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን ስትወስድ በግማሽ ፍጻሜ ያሸነፈችው ማንን ነው? ፍጻሜውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ግብፅን 4 ለ 2። ግማሽ ፍጻሜውንስ? ልጁ ትንሽ አሰበና «ቱኒዚያ። እሱም 4 ለ 2» አለ። ቤቱ አጨበጨበ።

ለመምህሩ ደግሞ ይህ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢስታንቡል ላይ ሊቨርፑል በሚላን 3 ለ 0 ከተመራ በኋላ ሁለተኛዋን ጎል ያገባው ማነው? መምህሩ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ምላሴን ነክሼ፣ ነክሼ… «ስሚቸር!» ወጣብኝ። ጥያቄው ተሰረዘ። ሁለት ሻይ ከፈልኩ። ምን ያረጋል፣ አመል ነው!

አምስት አምስቱ ሲያልቅ እኩል ሆኑ። ሰዓቱ ለ4 ሩብ ጉዳይ ነው፤ ጨዋታው ከምሽቱ 4 ሰዓት ይጀመራል። ተማሪው ደብተሩን ገለጠና መለያውን ጥያቄ አነበበ። «በአውሮፓ የክለቦች ዋንጫ ወይም በሻምፒዮንስ ሊግ ታሪክ፣ በግማሽ ፍጻሜ የመጀመሪያውን ጨዋታ በሦስት ጎል ልዩነት ተሸንፎ፣ በመልሱ ቀልብሶ ለፍጻሜ ያለፈ ክለብ አለ? ካለ ማን ነው?»

የባጃጁ ልጅ ብድግ ብሎ «ሮማ! ባለፈው ዓመት፣ ያውም ባርሳን!» አለ። ተማሪው ራሱን ነቀነቀ። ሮማ ባርሴሎናን በ2010 ሚያዝያ 3 ለ 0 አሸንፎ ያለፈው በሩብ ፍጻሜ ነው። እኔ በልቤ «የለም» እያልኩ ነበር፤ እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው ያልጮህኩት። ምንም የለም፣ በግማሽ ፍጻሜ እንዲህ አይነት ነገር አይሆንም።

መምህሩ ሻያቸውን አስቀመጡ። «ሁለት አሉ» አሉ። «እ.ኤ.አ. በ1971 የግሪኩ ፓናቲናይኮስ በቀይ ኮከብ ቤልግሬድ 4 ለ 1 ተሸንፎ በሜዳው 3 ለ 0 አሸነፈ፣ ከሜዳው ውጪ ባገባው ጎል አለፈ። በ1986 ደግሞ በስዊድኑ ጎተንበርግ 3 ለ 0 የተሸነፈው ቡድን ሦስቱን ጎል መልሶ በመለያ ምት አለፈ። ሦስቱንም ጎል ያገባው አንድ ሰው ነው፣ ፒቺ አሎንሶ። ያ ቡድን ማን መሰላችሁ? ራሷ ባርሴሎና!»

ቤቱ ጸጥ አለ። ሞባይሎች ወጡ፣ ኔትወርኩ እየተንቀራፈፈም ቢሆን ተገኘ። ልክ ናቸው። መምህሩ ለፍጻሜ አለፉ።

የገረመኝ ግን የተሸናፊው ፊት ነው። ያዝናል ስል ጥርሱ ተገልጧል። «እንኳን ተሸነፍኩ!» አለ። «ሁለቴ ሆኗል ማለት እኮ ሦስተኛ ይሆናል ማለት ነው!»

እኔ ሳቅሁበት። ይቺን ሳቅ ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

የባጃጁ ጉዞ

ኦሪጊ በ7ኛው ደቂቃ አስቆጠረ። ቤቱ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ሜሲ ኳስ በነካ ቁጥር «አሁን አበቃ» የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። አሊሰን የሚያድነውን አዳነ። እረፍት ሲወጣ 1 ለ 0። ድምር ውጤት 3 ለ 1።

እኔ ቤቴ ዓባይ ማዶ ነው። በነጋታው በጠዋት ሥራ አለኝ። እርግጠኛ ነኝ፤ ባርሳ አንድ ጎል ካገባች ሊቨርፑል አምስት ያስፈልገዋል። ሦስት ጎል በአንድ አጋማሽ፣ ያለ ሳላህ፣ ያለ ፊርሚኖ! ወደ ባጃጁ ልጅ ዞሬ «በቃ አለቀ እኮ፣ አድርሰኝና ተመለስ» አልኩት።

አየኝ። ግድግዳውን አየ። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ብዙም አልሠራም ነበር፤ ማታውን ለጨዋታው ሲል ትቶታል። ሌሊት ዓባይ ማዶ ማለት ደህና ብር ነው። «እሺ ጋሼ፣ ሥራ አይደል» ብሎ ቁልፉን አወጣ። ስንወጣ መምህሩ ከፊት አግዳሚ ላይ ዞር ብለው «ምነው? ገና ግማሹ ነው» አሉን። አልመለስንላቸውም።

ከዘንባባዎቹ ሥር እየተጓዝን ከጣና በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፍሳል። ሱቁ ተዘግቷል፣ መንገዱ ባዶ ነው። ልጁ አያወራም። እኔ ደግሞ ላጽናናው ብዬ ስለሚቀጥለው ዓመት አወራለሁ። ወደ ዓባይ ድልድይ ስንቃረብ ከአንድ ዲኤስቲቪ ቤት ጩኸት ፈነዳ። ልጁ ፍጥነቱን ቀነሰ። «ባርሳ ይሆናል» አልኩ። እውነቴን ነው፣ እንዲያ ነበር የመሰለኝ።

ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ሌላ ጩኸት። ይኼኛው የጎል ጩኸት ብቻ አይደለም፤ ወንበር ሲወድቅ፣ ሰው በሩን ገፍቶ ወደ መንገድ ሲወጣ ይሰማል። አንድ ልጅ ቀይ ማሊያውን አውልቆ እያሽከረከረ አስፋልቱ ላይ ይሮጣል። «ቪናልደም! ሁለት! ሁለት!» ይላል።

ባጃጁ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ልጁ ወደ ኋላ ዞሮ ያየኝን አስተያየት እስካሁን አልረሳውም። አልተሳደበም፣ አልተቆጣም። «ጋሼ፣ ልመለስ ነው» ብቻ አለ። «ተመለስ!» አልኩት። እንዲያ የበረረ ባጃጅ ከዚያ በፊትም በኋላም አልተሳፈርኩም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በእረፍት ሰዓት ሮበርትሰን በጉዳት ሲወጣ ክሎፕ ቪናልደምን አስገባ። ቪናልደም በ54ኛውና በ56ኛው ደቂቃ ሁለት ጎል አከታትሎ አስቆጠረ። ድምር ውጤት 3 ለ 3። የሊቨርፑል ደጋፊ በሕይወቱ ሊያያቸው የሚችላቸው ሁለቱ ታላላቅ ደቂቃዎች እነሱ ነበሩ። እኔም ከእነሱ ላይ ነጥቄ ዓባይ ድልድይ አጠገብ ያደረስኩት እሱን ነው። ለምን? መልሱን የማውቅ ስለመሰለኝ! ትክክለኛው መልስ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በፊት እዚያው ቤት ውስጥ፣ ጆሮዬ እየሰማ፣ ተነግሮኝ ነበር። ሰምቼዋለሁ፣ አላመንኩትም።

ስንደርስ ቤቱ ሞልቶ መግቢያ የለም። ሁለታችንም በር ላይ፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ፣ በሰዎች ትከሻ መሐል እያሾለክን ቆምን። እትዬ እንኳን ሻዩን ትተው ቆመው ያያሉ። 79ኛው ደቂቃ፣ የማዕዘን ምት። አሌክሳንደር አርኖልድ ኳሷን አስቀምጦ የሚሄድ መሰለ። የባርሳ ተከላካዮች ገና ቦታ አልያዙም። ድንገት ተመልሶ መታት፣ ኦሪጊ ብቻውን ነው፣ መረብ ላይ!

4 ለ 0።

የባጃጁ ልጅ አልጮኸም። በሩን ይዞ ቁጢጥ አለ። ከፊት ያሉት መምህር ከአግዳሚው ተነሥተው፣ የራሳቸው ባርሳ እየተሸነፈች፣ ወደ በሩ ዞረው ሦስት ጣታቸውን አሳዩት። ሦስተኛው ክለብ ማለታቸው ነው። ጥያቄው ከዚያ ሌሊት በኋላ መልሱ ተቀየረ።

በነጋታው ቶተንሃም አያክስ ሜዳ ላይ 2 ለ 0 ተመርቶ በሉካስ ሞራ ሦስት ጎሎች፣ የመጨረሻዋ በባከነ ሰዓት፣ ሲያልፍ ከእኛ ቤት አንድም ሰው ከመቀመጫው አልተነሣም። ተምረናላ! ግንቦት 24 ማድሪድ ላይ ሊቨርፑል 2 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። የደብተሩን ዋንጫ መምህሩ ወሰዱ።

ከወንበር ወደ ስታዲየም

እኔ ግን እዳ ነበረብኝ። ያን ሌሊት የባጃጁን ሒሳብ ስሰጠው አልቀበልም አለ። «አላደረስኩህማ» አለኝ። ለካ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ያለኝ ያኔ ነው። አብሮ የቆመ ሰው አንቱ አይባልም መሰለኝ።

እዳዬን የከፈልኩት ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ እሱም ማክሰኞ። ዋልያዎቹ በአሰልጣኝ አብርሃም መብራቱ እየተመሩ ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯርን ሲገጥሙ የእሱንም የመምህሩንም መግቢያ እኔ ገዛሁ። የዚያን ቀን ፕሮጀክተር የለም፣ ድጋሚ ምስል የለም። ኳሷ ከፊታችን ነች። ሱራፌል ዳኛቸውና ሽመልስ በቀለ አስቆጠሩ፣ 2 ለ 1 አሸነፍን። የባጃጁ ልጅ ከ90 ደቂቃው አንዷን እንኳን ላለማጣት ውኃ ሊገዛ አልተነሣም። እኔም «እንውጣ፣ ኋላ ትራንስፖርት ይጨናነቃል» አላልኩም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበር ላይ የጮህኩት ነገር ሜዳው ላይ ያሉት ሊሰሙት የሚችሉት ሆነ።

ከዚያም መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. እዚያው ስታዲየም ማዳጋስካርን 4 ለ 0 አሸነፍን። አማኑኤል ገብረሚካኤል፣ ጌታነህ ከበደ፣ አቡበከር ናስርና ሽመልስ በቀለ። ያቺ 4 ለ 0 ለእኛ ቤት ምን ማለት እንደሆነች መገመት አያቅትም። ከስድስት ቀን በኋላ ግን እንደገና ወደ አግዳሚያችን ተመለስን። ዋልያዎቹ አቢጃን ላይ በኮትዲቯር 3 ለ 1 እየተመሩ ነው፤ በዚያው ሰዓት ማዳጋስካር በሜዳዋ ኒጀርን ትገጥማለች፤ እሷ ካሸነፈች እኛ ወጣን። ዓይናችን አቢጃን፣ ጆሯችን ማዳጋስካር። ጨዋታው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው የመሐል ዳኛው ታመው ወደቁ፣ ጨዋታውም እዚያው ቆመ። ደግነቱ ዳኛው ተረፉ። ሰው ግን አልተበተነም፤ ማንም «በቃ አለቀ» አላለም። የማዳጋስካር ጨዋታ 0 ለ 0 አለቀ ሲባል የውበቱ አባተ ቡድን ከ2005ቱ የደቡብ አፍሪካ ውድድር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫ ትኬቱን ቆረጠ። ሆቴሉ፣ ባጃጁ፣ ጣና ዳሩ፣ ሁሉም ጥሩምባ ሆነ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካ ባሕር ዳር መጥታ 3 ለ 1 አሸነፈችን። ከዚያ በኋላ ካፍ ስታዲየሙ መመዘኛውን አያሟላም ብሎ አገደው። የሚቀጥለውን የሜዳችንን ጨዋታ፣ ከጋና ጋር፣ ኅዳር 2 ጆሃንስበርግ ላይ አደረግነው። የሜዳችን ጨዋታ፣ ጆሃንስበርግ!

እንግዲህ እኛም ወደ እትዬ ቤት ተመለስን። አንፊልድን በምናይበት ግድግዳ ላይ የራሳችንን «ሜዳ» ማየት ጀመርን። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 ሲያሸንፉ አግዳሚው ሊሰበር ምንም አልቀረውም። ሳላህ በጉዳት አልነበረም፤ ያን ምሽት አንፊልድ ላይ እንዳልነበረው ሁሉ። የባጃጁ ልጅ «እሱ ሲቀር ተአምር ይሠራል» ብሎ አሳቀን።

ከዚያ ሳቅ በኋላ ባለው ሳምንት ተማሪው፣ አሁን ተመርቋል፣ ደብተሩን አመጣ። እንደገና መምህሩና የባጃጁ ልጅ ተገናኝተው እንደገና እኩል ወጡ። መለያው ጥያቄ ይህ ነበር፤ «ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈችው በማን ሜዳ ነው?»

መምህሩ «ማላዊ፣ ሊሎንግዌ» አሉ። የባጃጁ ልጅ «በሜዳችን» አለ። ወረቀቱ ላይ ከሄድን እሱ ልክ ነው፤ ባለሜዳ ተብለን የተመዘገብነው እኛ ነን። ካርታ ላይ ከሄድን ደግሞ እሳቸው። ተማሪው ደብተሩን አየ፣ ሁለቱን አየ፣ ከዚያ ደግሞ መልሱ ከኋላ ወንበር እንዲመጣለት ይሆን አላውቅም፣ እኔን አየ።

ዝም አልኩ። ጥያቄው ተሰረዘ። ያን ቀን ሻዩን እትዬ ናቸው የጋበዙን።